ሦስት ሆና የተመዘገበች ጽጌረዳ

“አንደኛዋ ይቺ ናት እንበል፤ ሁለቱስ የት አሉ?” አለ ሚኪያስ፣ አውራ ጣቱን በመዝገቡ ገጾች መሐል ሸጉጦ።

ፋናዬ የውኃ ማጠጫውን መሬት አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ግን ሰው ቁርሱን እስኪቀምስ እንኳ የምትታገሥ አይደለችም፣ በሚያዝያማ ጭራሽ። ከፊታቸው፣ ከችግኝ ጣቢያው የውኃ ገንዳ አጠገብ፣ የሰው ቁመት የምታህል አሮጌ ጽጌረዳ ቆማለች። ሌሊት የፈነዳ አንድ አበባ አንገቱን ደፍቶ ተንጠልጥሎባታል።

“የትኞቹ ሁለቱ?” አለች።

“በመዝገቡ ያሉት ናቸዋ፣ እትዬ ፋናዬ! ሦስት ዓይነት ጽጌረዳ ይላል። በቆጠራው የተገኘው አንድ ግንድ ብቻ ነው። ሁለት ጎደለ ማለት ነው።”

ጎደለ! በመጨረሻዋ የሥራ ቀን ይህን ቃል እሰማለሁ ብላ ፋናዬ በሕልሟም አላሰበችም። ዘመኑ የቢፒአር፣ የአሠራር ለውጥ የሚሉት፣ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ወንበር እየገለበጠ ከሥሩ ቁጥር የሚጽፍበት ጊዜ። የጣቢያው ሦስት አሮጌ መዝገቦችም ባለፈው ወር በአንድ አዲስ መዝገብ ተገልብጠዋል። ሚኪያስ ከደብረ ብርሃን በንብረት ሠራተኛነት ተመድቦ ከመጣ ስምንት ወሩ ነው። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ወረቀት የሚያምን ልጅ ነው እንጂ። እሱ ከንብረት ነፃ ናት በሚለው ክሊራንሷ ላይ ካልፈረመላት ጡረታዋ አይንቀሳቀስም። ነገ ጠዋት ደግሞ ደብረ ብርሃን ልትሄድ ሻንጣዋን ቋጥራለች፤ ልጇ ሕይወት የመውለጃዋ ቀን ቀርቧል።

“እስቲ አንብብልኝ” አለች።

“መዝገቡን?”

“አዎ። ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚህ ስቆፍር ምን እንደሚል የነገረኝ የለም። ልስማዋ።”

ሚኪያስ ሰዓቱን አየት አደረገ፤ ግን አነበበ።

“ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት። ኅዳር 1970። ‘ጽጌረዳ፣ ድርብ። ከጣርማ በር፣ ከአሮጌው የመንገድ ሠራተኞች ሰፈር የመጣ። አበባው የመዳብ መልክ ያለው፣ ጠርዙ ቀላ ያለ። አንገቱ ደካማ ስለሆነ አበባው ወደ ታች ያያል። ሽታው አዲስ የተከፈተ የሻይ ቅጠል።’” ገጽ ገለጠ። “ተራ ቁጥር አርባ ሁለት። ግንቦት 1979። ‘ጽጌረዳ። ነጭ፣ ልቡ ብቻ ቅቤ የመሰለ። አበባው አነስተኛ፣ ቶሎ የሚረግፍ። ሽታው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።’ ከዚያ ደግሞ ተራ ቁጥር ስልሳ ስምንት። ነሐሴ 1988። ‘ጽጌረዳ። ትልልቅ አበባ፣ ሮዝ፣ የውጪው ቅጠል ወደ ቀይ የሚያደላ። ዝናብ ሲበዛበት እንቡጡ ሳይፈነዳ ይበሰብሳል።’ ይኸው ነው።”

ፋናዬ ሲያነብ ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

“እውነት ነው” አለች ሲጨርስ።

“የቱ?”

“ሁሉም። ሦስቱም እሷው ናት፣ ልጄ። ኅዳር ሲገባ፣ ብርዱ ከጣርማ በር ወርዶ እዚህ ሲደርስ፣ መዳብ ትመስላለች። በክረምት ትቀላለች። እንዲህ እንደ አሁኑ ሙቀቱ ሲያነድዳት ደግሞ ትነጣለች፤ ደክሟት ነው። ሰውስ በሙቀት መልኩ ይጠፋ የለም እንዴ?”

“አሁን ግን ሮዝ ናት” አለ ሚኪያስ አበባዋን ጎንበስ ብሎ አይቶ፤ ከኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣና “ሮዝ” ብሎ ጻፈ። “ቢሆን ቢሆን ስልሳ ስምንትን አገኘን።”

“ገና ጠዋት ስለሆነ ነው። በቀትር ተመለስና እያት።”

“በቀትር ሌላ ሥራ አለብኝ። ደግሞስ እኔ ባምንዎት ምን ዋጋ አለው? ‘አንዲት ጽጌረዳ ሦስት መልክ አላት’ ብዬ ብጽፍ የቆጠራ ኮሚቴው ‘ጠጥቶ ነው የጻፈው’ ይለኛል። ቅጹ የሚያውቀው ሦስት ምክንያት ነው። ተሰርቋል፣ ተሽጧል፣ ደርቋል። ተሰርቋል ካሉ የፖሊስ ወረቀት ያምጡ። ተሽጧል ካሉ ደረሰኝ። ደርቋል ካሉ የአያያዝ ጉድለት ነው፤ ማኅደርዎ ውስጥ ይገባል።”

“ያልነበረች ምን ብላ ትደርቃለች?”

“እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ ፋናዬ?”

ይህቺን ጽጌረዳ ከጣርማ በር ያወረደቻት ራሷ ፋናዬ ናት። ያኔ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች፣ ቀን ሠራተኛ። የመጀመሪያው አለቃ ከመንገዱ ዋሻ አለፍ ብሎ ካለው የፈረሰ ሰፈር ቅርንጫፍ ቆርጠው፣ በወተት ጣሳ ውስጥ ተክለው ሰጧት፤ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ጣሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱን ሁሉ ስትወርድ አንዴም እጇን አላነሳችም። አንድ ነበረች። ሌላ መጥቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጣቢያው ያፈላው ዛፍ፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ኒሙ፣ በየቀበሌው ቆሟል፤ በከተማው “የፋናዬ እጅ” ይባላል፣ እሷ የነካችው አይደርቅም ለማለት። ሰው ችግኝ ሲወስድ ዋጋ ሳይጠይቅ “አንቺ ነሽ የተከልሽው?” ብሎ ነው የሚጠይቀው።

“ከጻፉት አለቆች በሕይወት ያለ አለ?” አለ ሚኪያስ ጥቂት አስቦ። “‘እኔ የጻፍኩት ስለዚችው ነው’ የሚል ወረቀት ቢሰጥዎት ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ። ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ነው።”

የመጀመሪያው አለቃ ከሞቱ ቆይተዋል። ሦስተኛዋ አዲስ አበባ ገብታ ስልኳ አይነሳም። የቀሩት ሁለተኛው አለቃ፣ ጋሼ ሳልህ፣ ናቸው።

ፋናዬ ባጃጅ ይዛ ወደ ገበያው ጀርባ ሄደች። ጋሼ ሳልህ በግቢያቸው ኒም ዛፍ ሥር፣ ሰሌን ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን አድክሞታል፤ ድምፅ እንጂ መልክ አይለዩም።

“ማነው?”

“ፋናዬ ነኝ፣ ጋሼ ሳልህ። ከጣቢያው።”

“ፋናዬ! ያ ረቢ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ራቢዓ! ውኃ አምጪላት፣ ይቺ ሴት በሥራ ሰዓት የምትወጣው የሞተ ሰው ካለ ብቻ ነው። ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተ። ሁለት ጽጌረዳ ሞተ አሉ እንጂ።”

ራቢዓ፣ ባለቤታቸው፣ ውኃ በጣሳ ሰጥታት አጠገባቸው ቁጭ አለች። ፋናዬ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ጋሼ ሳልህ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙ። የግንቦት 1979ኙን ቃል በቃል ስትነግራቸው፣ “ቅቤ የመሰለ” የምትለዋ ላይ ሳቃቸው መጣ።

“ይቺማ የእኔ ቃል አይደለችም” አሉ።

“እንዴት? በእርስዎ እጅ የተጻፈ ነው እኮ።”

“እጁ የእኔ ነው፤ ቃሉ የአንቺ ነው። አታስታውሺም? ረመዳን ነበር። ወላሂ፣ እንደዚያ ዓመት ያለ ሙቀት አላየሁም፤ ጾመኛ ነኝ፣ ከቢሮ ወጥቼ እስከ ገንዳው መሄድ አቅቶኛል። ከደብረ ብርሃን ‘ያላችሁን ተክል መዝግቡ’ የሚል ደብዳቤ መጣ። በመስኮት ጠራሁሽና ‘ፋናዬ፣ ገንዳው ዳር ያለችው አበባ መልኳ እንዴት ነው?’ አልኩሽ። አንቺም ቆሻሻ እየጠረግሽ ዞር ብለሽ አየሽና ነገርሽኝ። እኔ ጻፍኩ። ሽታዋንም ጠይቄሻለሁ። ‘ኤዲያ፣ በዚህ ሙቀት ምን ሽታ አላት’ አልሽኝ።”

ፋናዬ የጣሳውን ውኃ እንደያዘች ቀረች። አስታወሰች። የእሳቸውን ብቻ አይደለም፤ ሁሉንም። የመጀመሪያው አለቃም ብዕር ይዘው “በይ ንገሪኝ” ይሉ ነበር፣ ማሽተቱን ብቻ ራሳቸው አሸተቱ። ሦስተኛዋም ዝናብ ጫማዋን እንዳያበላሽባት በረንዳ ላይ ቆማ ነው የጠየቀቻት። እሷም ለሁሉም እውነቱን ተናገረች፤ የዚያን ዕለቱን እውነት። ነገ ሌላ መልክ ይኖራታል ብላ ለመናገር ማን ጠየቃት?

“የድሮው መዝገብስ?” አለች። “ቀድሞ መመዝገቧን አላዩም?”

“ምኑን አየዋለሁ! ሳጥኑ ተቆልፎ ቁልፉ ጠፍቶ ነበር። አዲስ አለቃ ሁሉ አዲስ መዝገብ ነው የሚከፍተው።”

“እንግዲህ ራሴው ነኝ ያመጣሁት በሉኛ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ማለት ይኸው ነው።”

“አንቺ ምን አጠፋሽ? ስንፍናው የእኛ ነው” አሉ ጋሼ ሳልህ፣ ሳቃቸው ጠፍቶ። “ራቢዓ፣ ወረቀት ስጪኝ።”

“ያዩ ይመስል!” አለች ራቢዓ።

“እጄ ያውቀዋል።”

ጉልበታቸው ላይ ካርቶን አስደግፈው፣ መስመሩ ቁልቁል እየሄደባቸው ጻፉ፤ ራቢዓ እጃቸውን እየያዘች ትመልሰዋለች። ጽፈው ሲጨርሱ ጮክ ብለው ደገሙት። “በግንቦት 1979 ስለ ጽጌረዳዋ የጻፍኩት በዓይኔ አይቼ ሳይሆን ሠራተኛዋ ፋናዬ የነገረችኝን ነው። የነገረችኝም በገንዳው ዳር ስላለችው ነው። ሌላ ጽጌረዳ አላውቅም።”

“ውሸት መጨመር አልችልም” አሉ ወረቀቱን እየዘረጉላት። “ይህቺ ታድንሽ እንደሆን እንጃ። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ።”

“አሁንስ አህያ አደረጉኝ!” አለች ፋናዬ፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ራቢዓም ሳቀች። ፋናዬ መርቃቸው ወጣች።

ሚኪያስ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከበሩ ደጃፍ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ የጣቢያው ዘበኛ ሀይሉ ያዳምጣል።

“ይሄማ ባሰ” አለ ሚኪያስ። “ሦስቱንም የተናገሩት እርስዎ ከሆኑ፣ ኮሚቴው ‘ያኔ ሦስት ብላ ያስመዘገበች ዛሬ አንድ ናት ትላለች’ ይላል። እኔ እንደዚያ አልልም። እነሱ ግን ይላሉ። ሰዉም ለሆቴል ሸጠችው ማለቱ አይቀርም።”

“እኔ ሦስት አላልኩም። ሲጠይቁኝ መልኳን ነገርኳቸው።”

“ገብቶኛል። ወረቀቱ ግን አይገባውም።”

“ኧረ ምን ያስጨንቃችኋል?” አለ ሀይሉ፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው፣ እግዜር ይቅር ይበለውና አፉ ሁልጊዜ ከልቡ ይቀድማል። “የዚችው ዘር ሚካኤል ቅጥር አለች አይደል! የልጅሽ መቃብር ላይ ያለችው። እሷ ነጭ ናት እኮ፤ እሑድ አይቻታለሁ።”

ሚኪያስ ቀና አለ። “ሌላ አለች?”

ፋናዬ ሀይሉን አየችው፤ እሱም ያኔ ገባውና ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

“ከዚችው ቆርጬ የተከልኳት ናት” አለች ቀስ ብላ። “አሥራ አምስት ዓመቷ። ለጽጌረዳ ቅርንጫፍ መቁረጥ እኮ ጠጉር መከርከም ነው።”

“እትዬ ፋናዬ፣ እኔ ስርቆት አላልኩም!” ሚኪያስ ወንበሩን ሳበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ መውጫ ያገኘላት መስሎታል። “ግንዷ ወፍራም ናት? ከሥሯ ለሁለት የምትከፈል?”

“ከሥሯ ሁለት ሆናለች።”

“በቃ አለቀ! ነቅለው ለሁለት ይክፈሏትና እዚህ ይትከሏቸው። አርባ ሁለት አለ፣ አሥራ ሰባት አለ። ኮሚቴው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ሦስት ግንድ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ቢደርቁም በእርስዎ ጊዜ አልደረቁም።”

ፋናዬ ከመሣሪያ ቤቱ ዶማዋን አነሳችና ወጣች። ሀይሉ “ልሸኝሽ?” አለ። “እዚያው ተቀመጥ” አለችው።

ቀትር ነው። አስፋልቱ ላይ ሰው የለም፤ ባጃጆች እንኳ ጥላ ፈልገው ቆመዋል። ፋናዬ ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው፤ ደክሞኛል። ጉልበቷ ደክሟል፣ ጆሮዋ ደክሟል፣ ላብራራ ማለትም ደክሟታል። ሠላሳ ሁለት ዓመት አፈር ስታቀና ኖራ በመጨረሻ ሰዓት ሌባ ከምትባል የተባለውን አድርጋ ብትገላገል ማን ይፈርድባታል? ሕይወት ሆዷን ይዛ ትጠብቃታለች። የሞተ ሞቷል፤ የሚወለድ ይቀድማል። እንዲህ እያለች ራሷን ስታሳምን የቤተ ክርስቲያኑ በር ደረሰች።

የልጇ የበላይነሽ መቃብር ከቅጥሩ ምሥራቅ፣ ከአንድ ዋንዛ ሥር ነው። በላይነሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ኅዳር 1986 ወባ ሦስት ቀን አንቀጥቅጦ ወሰዳት። ያን ሰሞን ጽጌረዳዋ መዳብ መስላ ጣቢያውን ሞልታው ነበር፣ ልጅቱም ከመታመሟ በፊት አንዱን ቀጥፋ ጠጉሯ ውስጥ ሰክታ “እማዬ፣ ሻይ ሻይ ይሸታል” ብላ ስቃ ነበር። ፋናዬ የአርባዋ ዕለት ቅርንጫፍ ቆርጣ ተከለችላት። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ ስትወጣ፣ በጀሪካን ውኃ ተሸክማ እየመጣች አጠጣቻት።

አሁን ጽጌረዳዋ የመቃብሩን ሲሚንቶ አልፋ ተዘርግታለች። አበቦቿ ሁሉ ነጭ ናቸው፤ ጠርዛቸው ተጠብሷል። ፋናዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ዶማውን አነሳች። አንዴ መታች። ሁለቴ መታች። አፈሩ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በሦስተኛው አፈሩ ተሰነጠቀና ቡናማ ሥር ብቅ አለ፣ እንደ ጣት የሚወፍር።

ተንበረከከች። ሥሩን በእጇ ዳሰሰችው። ያሮጌ ጽጌረዳ ሥር በሚያዝያ ሙቀት ከተነካ አንድ ሳምንት አይቆይም፤ ይህን ማንም አያስተምራትም። ሁለቱም ግማሾች ይደርቃሉ። ኮሚቴው ግን ቆጥሮ ይሄዳል፣ መዝገቡ ይሞላል፣ እሷም ጡረታዋን ይዛ ትሄዳለች፤ እዚህ ደግሞ ባዶ ሲሚንቶ ይቀራል። ያኔ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ አይደለም፤ እንባው ብቻ እየወረደ አፈሩ ላይ ይንጠባጠባል።

“አይ አንቺ ልጅ” አለች። “አይ አንቺ ልጅ፣ አሁን አንቺን ልነቅል መጣሁ!”

አፈሩን በመዳፏ መልሳ ሥሩን አለበሰችው፣ ደጋግማ ጠቀጠቀችው። ከበሩ ቧንቧ ውኃ በላስቲክ ጠርሙስ ቀድታ አምስት ጊዜ ተመላለሰች። ከዚያ ዶማዋን ይዛ ተመለሰች።

ሚኪያስ ዶማዋን ብቻ ይዛ ስትገባ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ። “ጽጌረዳዋስ?”

“ደርቀዋል በል።”

“ምን?”

“ሁለቱ ደርቀዋል ብለህ ጻፍ። እኔ ነኝ ያደረቅኋቸው።”

“እትዬ ፋናዬ፣ ‘በሠራተኛዋ የአያያዝ ጉድለት’ የሚለውን መጻፍ ግዴታዬ ነው። ለጡረተኛ የሚሰጠው የምስጋና ወረቀትም ይቀራል። ያስቡበት።”

“አስቤበታለሁ። ጻፍ።”

ጻፈ። እሷም በመሠረተ ትምህርት በተማረችው ፊደል፣ አንድ አንዱን ለይታ፣ ስሟን ከሥሩ አሰፈረች። የጽሕፈት ሠራተኛዋ ቅጹን ወደ ስብሰባው ወስዳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክሊራንሱን በማኅተም ይዛ ተመለሰች። በሩ ላይ ሀይሉ ሰምቶ ኖሮ “ፋናዬ አደረቀች? ምን ጉድ ነው!” አለ። ቀልድ መስሎት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ከበሩ ዘወር አለላት። ይቺ “አደረቀች” የምትል ቃል ግን ገብታ ተቀመጠች፣ እሾህ ሥጋ ውስጥ ተሰብሮ እንደሚቀር። ነገ ገበያ ላይ፣ ከነገ ወዲያ ቀወት ገጠር ድረስ ትሄዳለች፤ ታውቀዋለች።

“አንድ ነገር ብቻ ቀረን” አለ ሚኪያስ፣ አዲሱን መዝገብ እየገለጠ። “ለሚተካዎት ሰው የቀረችውን ጽጌረዳ እንደ አዲስ ልመዝግባት። ይንገሩኝ፣ መልኳ እንዴት ነው?” ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

የፋናዬ አፍ ልማዱ ነውና ሊከፈት ነበር። ልክ እንዲህ ነበር የሚጠብቋት፤ አንዱ በመስኮት፣ አንዷ በበረንዳ፣ ሁሉም በጥላ። አፏን ዘጋች።

“አልነግርህም” አለች።

“ለምን?”

“ሦስቴ ተናገርኩ፣ የደረስኩበትን አየኸው። እግር አለህ፣ ዓይን አለህ። ሄደህ እያት።”

ሚኪያስ ሊከራከር አሰበና ተወው። ወጣ። ፋናዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ወደ ጽጌረዳዋ ሲሄድ እሷ ስትቀመጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልጁ ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሷል፤ ቁጭ አላለም። ትንሿን ደብተር ከኪሱ አውጥቶ የጠዋቱን ገጽ ፈለገ።

“ጠዋት ሮዝ ብያለሁ” አለ።

“ብለሃል።”

“አሁን ነጭ ናት። ልቧ ብቻ... ቅቤ ይመስላል።” ድምፁ ቀነሰ። “ያችው አበባ ናት። ሌላ የፈነዳ የለም፤ ያችው አንገቷን የደፋችው።”

“ያችው ናት።”

ሚኪያስ ወደ በሩ ዞረ፣ ወደ እሷ ዞረ። “ስብሰባው አልተበተነም። ልሩጥና ቅጹን ላስመልሰው። እርስዎ እኮ ምንም አላደረቁም!”

ፋናዬ ያን ወረቀት አሰበችው። ከተመለሰ ይጠየቃል፤ ሲጠየቅ “ሌላም አለች አሉ፣ የት ነው ያለችው?” ይባላል፤ ያኔ ሚካኤል ቅጥር ዶማ ይዞ የሚሄደው ሌላ ሰው ነው፣ ሥሩን በእጁ የማይዳስስ።

“ተወው” አለች።

“ስምዎስ?”

“ስሜን አንተ ካወቅህ ለጊዜው ይበቃል። አሁን ጻፍ። ግን ‘ነጭ’ ብለህ ብቻ እንዳትተዋት። ሚያዝያ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት በል።”

ጻፈ፤ ቀኑንም ሰዓቱንም። “ሌላስ?”

“ሌላው ነገ ጠዋት ነው፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት። ያኔ ሽታዋም አለ። ራስህ ታሸታለህ።”

“ነገ እኮ ሥራ የለዎትም። ደብረ ብርሃን መሄድዎ አይደለም እንዴ?”

ፋናዬ ክሊራንሷን አራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጎጠች። ጉልበቷን ደግፋ ተነሣችና በሩ አጠገብ የቆመውን የውኃ ማጠጫ አነሣች።

“መኪና ከነገ ወዲያም አለ” አለች። “እንዳታረፍድ።”